ድርሻው ያው፣ ግፊቱ ሌላ፦ ከቶሪቼሊ እስከ ሆሳዕና

«ደጋ ላይ ኦክስጅን ያንሳል» ሲባል ያልሰማ የለም። አባባሉ እውነት ነው፤ ብዙ ሰው የሚረዳበት መንገድ ግን ስህተት ነው። ብዙዎቻችን የምናስበው ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን እጅ እየተመናመነ እንደሚሄድ ነው። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ጅቡቲ ወደብ ላይም ሆነ ከባህር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት የሀድያዋ ሆሳዕና፣ በዙሪያዋ ባለችው ሀቢቾም ሆነ የከምባታ መለያ በሆነው ሐምበሪቾ ተራራ ጫፍ፣ ከመቶው ደረቅ አየር 21 ያህሉ ኦክስጅን ነው። ያነሰው ድርሻው ሳይሆን ኦክስጅኑ የሚያሳድረው ግፊት ነው።

ኬሚስቶች የመጀመሪያውን የሞል ክፍልፋይ፣ ሁለተኛውን ከፊል ግፊት ይሉታል። ሁለቱን የምታገናኘው ሕግ በአንድ መስመር ታልቃለች፦ የአንድን ጋዝ ከፊል ግፊት ለድብልቁ ጠቅላላ ግፊት ስናካፍል የዚያን ጋዝ የሞል ክፍልፋይ እናገኛለን። ይህች መስመር እስክትጻፍ ድረስ ግን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። ተራራ የወጡ፣ በፊኛ የበረሩ፣ የሞቱም አሉ። ታሪኩ ከአውሮፓ ቤተ ሙከራዎች ተነሥቶ የሚደርሰው እኛው ደጋ ላይ ነው። (ዓመቶቹም ሆኑ ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1643 እስከ 1648፦ አየር እንደሚጫን የታወቀበት ጊዜ

በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የጣሊያን ጉድጓድ ቆፋሪዎችን ግራ ያጋባ ነገር ነበር። የቱንም ያህል ጠንካራ ፓምፕ ቢሠሩ ውሃው ከ10 ሜትር ገደማ በላይ አልወጣ ይላል። የጋሊሌዮ ተማሪ የነበረው ኢቫንጄሊስታ ቶሪቼሊ ውሃውን የሚያወጣው የፓምፑ መሳብ ሳይሆን ከውጭ ያለው አየር ጫና ነው ብሎ ጠረጠረ። ጫናው ውሱን ከሆነ የሚያነሣውም ውሃ ውሱን ይሆናል። ከውሃ ከ13 እጥፍ በላይ የሚከብድ ፈሳሽ ከተጠቀሙ ደግሞ ዓምዱ በዚያው ልክ ማጠር አለበት።

በ1643 ገደማ ቶሪቼሊ ባቀደውና ባልደረባው ቪንቼንዞ ቪቪያኒ በሠራው ሙከራ፣ አንድ ጫፉ የተደፈነ የመስታወት ቱቦ በሜርኩሪ ተሞልቶ ሜርኩሪ ባለበት ሳህን ላይ ተገለበጠ። ሜርኩሪው ጥቂት ወረደና 76 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ቆመ። ባሮሜትር የተወለደው ያን ጊዜ ነው። ዛሬም የመማሪያ መጻሕፍት የባህር ወለል ግፊት 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው የሚሉት ከዚያ የተነሣ ነው።

ቀጣዩን ጥያቄ ያነሣው ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ነው። አየር ክብደት ካለው ተራራ ላይ የሚጫነን አየር ስለሚቀንስ ሜርኩሪውም ዝቅ ማለት አለበት። ፓስካል ራሱ ጤናው ደካማ ስለነበር ሥራውን ለእህቱ ባል ለፍሎረን ፔሪዬ ሰጠው። ፔሪዬ መስከረም 19 ቀን 1648 ፑይ ደ ዶም የተባለውን 1,465 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ወጣ። አንዱን ቱቦ ከታች ከተማው ውስጥ ባለ ገዳም ትቶ አንድ መነኩሴ ቀኑን ሙሉ እንዲጠብቀው አደረገ። ከታች ያለው ቱቦ ንቅንቅ አላለም፤ ጫፍ ላይ የወጣው ግን ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ ወረደ።

በዚያው ዘመን አፄ ፋሲለደስ ጎንደር ላይ ቤተ መንግሥታቸውን አንጸው ነበር። ጎንደር ከባህር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ፔሪዬ የወጣበት የተራራ ጫፍ ለአንድ የጎንደር ነዋሪ ቆላ በሆነ ነበር። አውሮፓውያን በአንድ ቀን ጉዞ ያገኙት የግፊት ልዩነት ለደገኛው ኢትዮጵያዊ የዘወትር ኑሮው ነበር፤ የጎደለው መለኪያው ብቻ ነው።

ቶሪቼሊም ሆነ ፓስካል ግን አየርን እንደ አንድ ነገር ነበር የሚያዩት። ግፊት ተገኘ፤ ድርሻ የሚባል ሐሳብ ገና አልነበረም።

ከ1754 እስከ 1783፦ አንድ የመሰለው ብዙ ሆነ

የ18ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ አየርን በታተነው። ስኮትላንዳዊው ጆሴፍ ብላክ በ1750ዎቹ ዛሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምንለውን ጋዝ ለየ። ሄንሪ ካቨንዲሽ በ1766 ሃይድሮጅንን፣ ዳንኤል ራዘርፎርድ በ1772 ናይትሮጅንን ገለጹ። ስዊድናዊው ካርል ሼለና እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ አንዱ ስለሌላው ሳያውቅ እሳት የሚያፋፍመውንና እንስሳ የሚተነፍሰውን ጋዝ አገኙ። ኦክስጅን የሚለውን ስም ያወጣለት ፈረንሳዊው አንትዋን ላቯዚዬ ነው።

ወዲያው አንድ ፋሽን ተነሣ። ኦክስጅን ሕይወት ከሆነ ጥሩ አየር ማለት ኦክስጅን የበዛበት አየር ነው ተባለ። ተመራማሪዎች በየከተማው፣ በየገጠሩና በየሆስፒታሉ እየዞሩ የአየሩን ጥራት መለካት ጀመሩ፤ የተራራው አየር ከከተማው፣ የባህር ዳሩ ከረግረጉ እንደሚሻል የሚያሳዩ ቁጥሮችም ወጡ። ችግሩ ከአየሩ ይልቅ ከአለካኩ ነበር። በእጃቸው የነበረው ዘዴ ትንሽ የአሠራር ለውጥ ሲደረግበት የተለያየ ውጤት ይሰጥ ነበር።

ይህን የቋጨው ካቨንዲሽ ነው። ዝምተኛ፣ ሰው የሚሸሽ፣ እጅግ ሀብታምና ከማንም በላይ ጥንቁቅ ሰው ነበር። የአለካኩን ሥርዓት አጥብቆ ከወሰነ በኋላ የለንደንን አየር ከቀን ወደ ቀን፣ በዝናብም በፀሐይም ለካ። በ1783 ያወጣው ውጤት ኦክስጅኑ ሁልጊዜ 20.83 በመቶ ገደማ እንደሆነ አሳየ። ዛሬ የምንቀበለው ቁጥር 20.95 ነው። ድርሻ የሚባለው ነገር እንዲህ ታወቀ፤ በዚያ ላይ ከቀን ቀን አለመለዋወጡ ተገኘ።

አሁን ሁለት እውነቶች ጎን ለጎን ቆሙ። አየር ይጫናል። አየር ድብልቅ ነው፤ ድርሻዎቹም ቋሚ ናቸው። ከጠቅላላው ጫና የኦክስጅኑ ስንቱ ነው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ከ1801 እስከ 1811፦ የሸማኔው ልጅ

ጆን ዳልተን በሰሜን እንግሊዝ ኤግልስፊልድ በምትባል መንደር በ1766 ከሸማኔ ቤተሰብ ተወለደ። ገና በ12 ዓመቱ ልጆችን ያስተምር ነበር። የክዌከር እምነት ተከታይ በመሆኑ የኦክስፎርድና የኬምብሪጅ በሮች ለእሱ ዝግ ነበሩ። ከ1787 ጀምሮ በ1844 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ በየቀኑ የአየር ሁኔታ መዘገበ። ባሮሜትሩን ይዞ የትውልድ አካባቢውን ተራሮች መውጣት ይወድ ነበር። ወደ ጋዝ ጥናት የገባው በኬሚስትሪ በር አይደለም፤ ስለ ዝናብና ስለ ጤዛ ሲጠይቅ ነው።

ጥያቄው ቀላል ነበር። ውሃ ተንኖ አየር ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል? የዘመኑ ሊቃውንት ስኳር በሻይ እንደሚሟሟ እንፋሎትም በአየር ይሟሟል ይሉ ነበር። ዳልተን ደረቅ አየር ባለበት የተዘጋ ዕቃ ውስጥ ጥቂት ውሃ አስገብቶ ግፊቱ ስንት እንደጨመረ ለካ። ከዚያ አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ ያንኑ አደረገ። ሙቀቱ እኩል እስከሆነ ድረስ የእንፋሎቱ ግፊት በሁለቱም እኩል ሆኖ ተገኘ። እንፋሎቱ አየር መኖሩንም አለመኖሩንም ከቁጥር አላስገባም፤ የራሱን ግፊት ብቻ በአየሩ ግፊት ላይ ጨመረ።

ዳልተን ይህን በ1801 ለማንችስተር የሥነ ጽሑፍና የፍልስፍና ማኅበር አነበበ፤ በተከታዩ ዓመት ታተመ። ሕጉ የሚለው እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ጋዝ ዕቃው ውስጥ ብቻውን ቢሆን የሚኖረውን ግፊት ከሌሎች ጋር ሆኖም ይይዛል፤ ጠቅላላው ግፊት የእነዚህ ከፊል ግፊቶች ድምር ነው።

ትልቁ መታጠፊያ እዚህ ላይ ነው። ዳልተን የራሱን ሕግ ይዞ ወደ ሰማይ ሲመለከት አንድ መዘዝ አየ። እያንዳንዱ ጋዝ ሌላው የሌለ ያህል የሚኖር ከሆነ የየራሱ ከባቢ አየር ይኖረዋል። ኦክስጅን ከናይትሮጅን ስለሚከብድ ወደ ላይ ሲወጣ ቶሎ መሳሳት አለበት። ስለዚህ ተራራ ላይ የኦክስጅን ድርሻ ከሜዳው ያንሳል ብሎ ተነበየ። ዛሬ በየመንደሩ የሚነገረው አስተሳሰብ ማለት ነው፤ የሕጉ ባለቤት ራሱ ያምንበት ነበር።

መልሱ በ1804 መጣ። የ25 ዓመቱ ፈረንሳዊ ኬሚስት ጆሴፍ ልዊ ጌ-ሉሳክ መስከረም 16 ቀን ብቻውን በሃይድሮጅን ፊኛ ከፓሪስ ተነሥቶ ከ7,000 ሜትር በላይ ወጣ። እጁ እየደነዘዘ፣ ጉሮሮው እየደረቀ፣ አየሩ የተመጠጠ ጠርሙስ ከፍቶ የዚያን ከፍታ አየር ያዘ። ፓሪስ ወርዶ ሲመረምረው የኦክስጅኑ ድርሻ ከከተማው አየር ጋር ያው ሆነ።

ዳልተን ምን ስቶ ነው? ስሌቱ ፍጹም ረጋ ላለ አየር ልክ ነበር። የእኛ ከባቢ አየር ግን አይረጋም። ነፋስ፣ ከጋለ መሬት የሚነሣው ሞቃት አየርና ዝናብ ያዘለው አውሎ ያለማቋረጥ ያማስሉታል። ጋዞቹ በክብደታቸው ለመለያየት ጊዜ አያገኙም፤ ይህ ማማሰል ወደ 100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ድረስ ይዘልቃል። በመሆኑም ድርሻው የትም አንድ ነው፤ ግፊቱ ብቻ ይወርዳል።

ያም ሆኖ አንድ ነገር ጎደለ። ግፊት በሜርኩሪ ይለካል፤ የጋዙ ብዛት ግን በምን ይቆጠር? በ1811 ጣሊያናዊው አሜዴዮ አቮጋድሮ ግፊታቸውና ሙቀታቸው እኩል የሆነ ጋዞች በእኩል ይዘት ውስጥ እኩል ቁጥር ያላቸው ሞለኪውሎች አሏቸው አለ። ይህ ከዳልተን ሕግ ጋር ሲጋጠም ከፊል ግፊት የሞለኪውሎቹ ቁጥር ነጸብራቅ ይሆናል። ዳልተን ራሱ ሐሳቡን አልተቀበለም። አቮጋድሮም ዓለም ሳይሰማው በ1856 ሞተ።

ከ1838 እስከ 1860፦ በፈላ ውሃ የተለካ አገር

ሐሳቡ በአውሮፓ ተኝቶ ሳለ የዳልተን እንፋሎት ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ ላይ ውሎ ነበር። ወንድማማቾቹ አንትዋንና አርኖ ዳባዲ በ1838 ምጽዋ ደርሰው አሥር ዓመት ያህል በአገሪቱ ተዘዋወሩ። አንትዋን ከሰሜን እስከ ጊቤ አካባቢ መንግሥታትና እስከ ካፋ ድረስ እየሄደ የቦታዎችን አቀማመጥና ከፍታ ይለካ ነበር። ረጅም የሜርኩሪ ባሮሜትር በበቅሎ ጭኖ ገደል ማውረድ የማይታሰብ ነው። ከፍታ የሚለካው ውሃ አፍልቶ የሚፈላበትን ሙቀት በጥንቃቄ በማንበብ ነበር።

ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከውጭው አየር ጠቅላላ ግፊት ጋር ሲስተካከል ነው። የአየሩ ግፊት ሲወርድ ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ ሆሳዕና ላይ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ። በደጋ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል የሚዘገዩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከሚፈላበት ሙቀት ወደ ግፊት፣ ከግፊት ወደ ከፍታ መሄድ የሚቻለው የእንፋሎት ግፊት በየሙቀቱ ስንት እንደሆነ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ሲኖር ነው፤ ዳልተንም ከቀደምት አዘጋጆቹ አንዱ ነበር።

የአቮጋድሮ ትንሣኤ በመስከረም 1860 ሆነ። የአውሮፓ ኬሚስቶች በአቶም ክብደት መስማማት አቅቷቸው ጀርመን አገር ካርልስሩህ ላይ ተሰበሰቡ። ስታኒስላኦ ካኒዛሮ የአቮጋድሮን ሐሳብ ተከራከረለት፤ ጉባኤው ሲበተን ጽሑፉ ለተሳታፊዎቹ ታደለ፤ ብዙዎቹ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ አንብበው አመኑ። ሞል የሚለው መለኪያ በጀርመናዊው ቪልሄልም ኦስትቫልድ አማካይነት የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በመቶ ዘመኑ መጨረሻ ነው።

ሕጉ እንግዲህ ተሟላ። ነገሩን በዕድር መዋጮ ማሰብ ይቻላል። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ገንዘብ ተቆጥሮ የአንዱ አባል መዋጮ ለጠቅላላው ሲካፈል የሰውዬው ድርሻ ይታወቃል፤ ሌሎቹ እነማን እንደሆኑ መጠየቅ አያስፈልግም። በሆሳዕና ከፍታ የአየሩ ጠቅላላ ግፊት በግምት 574 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ከዚህ 448 ያህሉ የናይትሮጅን፣ 120 ያህሉ የኦክስጅን፣ 5 ያህሉ የአርጎን ነው። 120 ለ574 ሲካፈል 0.209 ይመጣል፤ 448 ለ574 ሲካፈል 0.78። ባህር ወለል ላይ ደግሞ የኦክስጅኑ ከፊል ግፊት 159 ነው፤ ለ760 ሲካፈል እንደገና 0.209። ድርሻው ያው ነው፤ ግፊቱ ግን በሩብ ያህል ወርዷል።

ከ1875 እስከ 1878፦ ሁለት ሞትና አንድ መጽሐፍ

የሰው አካል ከሁለቱ የትኛውን እንደሚያዳምጥ ገና አልታወቀም ነበር። ተራራ ላይ የሚመጣውን ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ትንፋሽ ማጠር አንዳንዶች በብርድ፣ ሌሎች በድካም ያመካኙ ነበር። ግፊቱ ራሱ ሲላላ የደም ሥር ያብጣል የሚሉም ነበሩ።

ፈረንሳዊው የሥነ አካል ተመራማሪ ፖል ቤር ጉዳዩን በብረት ክፍሎች ውስጥ አጠና። እንስሳት ያሉበትን አየር ጠቅላላ ግፊት ቀንሶ ቅንብሩን እንዳለ ተወ፤ ሌላ ጊዜ ግፊቱን እንዳለ ትቶ የኦክስጅኑን ድርሻ ቀነሰ። በሁለቱም መንገድ እንስሳው የሚሞተው የኦክስጅን ከፊል ግፊት ከአንድ ወሰን ሲወርድ ነበር። ግፊቱ ዝቅ ብሎም የኦክስጅኑ ድርሻ ከፍ ከተደረገ እንስሳው ይድናል። አካል የሚያዳምጠው ድርሻውን ብቻ ወይም ጠቅላላውን ግፊት ብቻ አይደለም፤ የሁለቱን ብዜት ነው።

ማረጋገጫው መራር ነበር። ሚያዝያ 15 ቀን 1875 ፈረንሳውያኑ ክሮሴ-ስፒኔሊ፣ ሲቬልና ጋስቶን ቲሳንዲዬ ዜኒት በተባለ ፊኛ ወጡ። የያዙት ኦክስጅን በቂ እንዳልሆነ ቤር በደብዳቤ አስጠንቅቆ ነበር፤ ደብዳቤው የደረሰው ከረፈደ ነው። ፊኛው 8,000 ሜትር አልፎ ወጣ። በዚያ ከፍታ የኦክስጅኑ ከፊል ግፊት ባህር ወለል ላይ ካለው ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። ኦክስጅኑ አጠገባቸው ነበር፤ እጃቸውን ዘርግተው ለመያዝ ግን አቅም አጡ። የሚያስፈራቸው ነገርም አልታያቸውም፤ ቲሳንዲዬ ኋላ እንደተናገረው በዚያች ሰዓት ደስታ እንጂ ስጋት አልተሰማውም። ሲነቃ ሁለቱ ጓደኞቹ ሞተው አገኛቸው፤ እሱም ጆሮው ደነቆረ። ቤር በ1878 ሥራውን ሁሉ በአንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ፤ የከፍታ ሕክምናም በዚያ ላይ ተመሠረተ።

ከ1960 እስከ 1968፦ ዓለም ሆሳዕና ከፍታ ላይ ሲሮጥ

መስከረም 10 ቀን 1960 አበበ ቢቂላ በባዶ እግራቸው የሮምን ማራቶን አሸነፉ፤ በ1964 ቶኪዮ ላይ ደገሙት። ከቶኪዮው በፊት ነው ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ የ1968ቱን ውድድር ለሜክሲኮ ሲቲ የሰጠው። ከተማዋ ከባህር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ላይ ናት። አውሮፓና አውስትራሊያ ውስጥ ጩኸት ተነሣ፤ ሯጮች ሊሞቱ ይችላሉ ያሉም ነበሩ። አገሮች የከፍታ ማሠልጠኛ ለመሥራትና ለማጥናት ተሯሯጡ።

ያ አስፈሪ የተባለው ከፍታ ከሆሳዕና ጥቂት ዝቅ ይላል፤ ከአዲስ አበባም እንዲሁ። የኦክስጅኑ ከፊል ግፊት 121 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው፤ የሀድያና የከምባታ ገበሬ ሲያርስበትና ተማሪው ትምህርት ቤት ሲመላለስበት የኖረው አየር ማለት ነው።

ውጤቱ ከፊል ግፊት ምን እንደሚያደርግ በሰዓት አሳየ። በ10,000 ሜትር ኬንያዊው ናፍታሊ ተሙ አንደኛ፣ ማሞ ወልዴ ሁለተኛ ወጡ። የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት የነበረው አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ ስድስተኛ ሆኖ እንደገባ ተዝለፍልፎ ወደቀና ኦክስጅን ተሰጠው። ጥቅምት 20 ቀን በማራቶኑ የታመመ እግር ይዘው የተነሡት አበበ ከ17 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ሲያቋርጡ፣ ማሞ ወልዴ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገብተው ለኢትዮጵያ ሦስተኛውን ተከታታይ የማራቶን ወርቅ አስገኙ። ከቶኪዮው የአበበ ሰዓት ጋር ሲነጻጸር ከስምንት ደቂቃ በላይ ዘግይቷል፤ ደገኛውም ቢሆን ከሕጉ አያመልጥም፤ የሚበልጠው ለሕጉ በመዘጋጀቱ ነው። የአየሩ መሳሳት ደግሞ የሚረዳቸው ነበሩ። ትንፋሽ ሳያጥራቸው በጥቂት ሰከንድ የሚጨርሱት ሯጮችና ዘላዮች የአየሩ ግጭት ቀለላቸው። አሜሪካዊው ቦብ ቢመን የርዝመት ዝላይን ክብረ ወሰን በ55 ሴንቲ ሜትር አሻሽሎ 8 ሜትር ከ90 ዘለለ።

ከ1969 እስከ 2019፦ የሰሜንና የባሌ መልስ

ከሜክሲኮ በኋላ ጥያቄው ወደ ሰውየው ዞረ። ከልጅነቱ በዝቅተኛ ከፊል ግፊት የኖረ አካል ምን ይመስላል? በ1969 በእንግሊዛዊው ጂ. ኤ. ሃሪሰን የሚመራ ቡድን የሁለት ቦታ ነዋሪዎችን ያነጻጸረ ጥናት አሳተመ፤ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለችውን ደባርቅንና በ1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለችውን አዲ አርቃይን።

ትልቁ ግኝት በ2002 ወጣ። አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቢል፣ ኢትዮጵያዊው አምሃ ገብረመድኅንና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች አምባራስ ላይ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ፣ 236 ነዋሪዎችን መረመሩ። በዚያ ቦታ የኦክስጅን ከፊል ግፊት 103 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው። እስከዚያ ድረስ ሁለት ዓይነት ደገኛ ይታወቅ ነበር። የደቡብ አሜሪካ አንዲስ ሰው ደሙን ያወፍራል፤ ሄሞግሎቢኑ ይጨምራል። የቲቤት ሰው ደሙን አያወፍርም፤ በደሙ ያለው ኦክስጅን ግን ዝቅ ይላል። የአምባራስ ሰዎች ከሁለቱም ተለዩ። አማካይ ሄሞግሎቢናቸው በወንዶች 15.9፣ በሴቶች 15.0 ግራም በዴሲሊትር፣ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት 95.3 በመቶ ሆነ፤ ሁለቱም ባህር ወለል ላይ እንዳለ ሰው።

ስሌቱ ግን አልተሻረም። የአምባራስ አየር ከፊል ግፊቱ ያው ዝቅተኛ ነው፤ የተለየው አካሉ ያንን የተቀበለበት መንገድ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ በአማራና በኦሮሞ ደገኞች ላይ የወጡ የዘር ጥናቶች ከቲቤታውያን የተለየ መንገድ ጠቆሙ፤ የባሌ ኦሮሞዎች ሄሞግሎቢን ከሰሜን አማሮች ከፍ ማለቱም ተመዘገበ። ኢትዮጵያዊ ደገኛ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በ2019 ደግሞ ባሌ ተራሮች ውስጥ ፊንቻ ሃበራ በተባለ የዋሻ መጠለያ፣ 3,469 ሜትር ላይ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች እንደኖሩበት የሚያሳይ ጥናት ታተመ። ቶሪቼሊ ሜርኩሪ ከመገልበጡ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ሰው በዚህ ምድር ዝቅተኛ ከፊል ግፊት ይተነፍስ ነበር።

ከ2016 ወዲህ፦ ድርሻን በመጨመር ግፊትን መካስ

ቤር በብረት ክፍል ውስጥ ያደረገው ዛሬ በየሆስፒታሉ ይደረጋል። ግፊቱን መጨመር ካልተቻለ ድርሻውን መጨመር ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከ2016 እስከ 2020 የሚዘልቅ አገር አቀፍ የሕክምና ኦክስጅንና የኦክስጅን ሙሌት መለኪያ ማስፋፊያ ፍኖተ ካርታ አወጣ፤ ዋና ዓላማው በሳንባ ምች ለሚታመሙ ሕፃናትና ለሌሎች ሕሙማን ኦክስጅን እንዲዳረስ ነበር። መጋቢት 13 ቀን 2020 የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲገኝ ግን የኦክስጅን እጥረት የአገር አጀንዳ ሆነ።

ብዙዎቹ የሕክምና ኦክስጅን ማምረቻዎች የሚሠሩት በዚሁ በከፊል ግፊት ነው። አየር ተጨምቆ ዜዮላይት በሚባል ማዕድን ውስጥ ያልፋል። የናይትሮጅን ከፊል ግፊት ሲጨምር ማዕድኑ ናይትሮጅኑን ይይዛል፤ ኦክስጅኑ ያልፋል። ግፊቱ ሲለቀቅ ማዕድኑ ናይትሮጅኑን ተፍቶ ለሚቀጥለው ዙር ይዘጋጃል። የሚወጣው ጋዝ የኦክስጅን ድርሻው 93 በመቶ ገደማ ነው።

ሆሳዕና ላይ በሀድያ ተወላጇ ንግሥት ስም የተሰየመው የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ። በዚያ ከፍታ የሚሠራ ማንኛውም ሐኪም ሊያስበው የሚገባ ስሌት እነሆ። የምንተነፍሰው አየር ሳንባ ሲደርስ በእንፋሎት ይሞላል፤ የእንፋሎቱ ከፊል ግፊት በሰውነት ሙቀት 47 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ ከፍታ አይለውጠውም። ባህር ወለል ላይ ከ760 ላይ 47 ተቀንሶ በ0.209 ሲባዛ 149 ይሆናል። ሆሳዕና ላይ 574 ላይ 47 ሲቀነስ 527 ይቀራል። ለሕመምተኛው ያንኑ 149 ለመስጠት 149 ለ527 ይካፈላል፤ ውጤቱ 0.28 ነው። የባህር ወለሉ ሰው በ21 በመቶ የሚያገኘውን የሆሳዕናው ሰው የሚያገኘው በ28 በመቶ ነው ማለት ነው። ሐምበሪቾ ጫፍ ላይ፣ 777 ደረጃዎቹን ለወጣ ሰው፣ ወደ 31 በመቶ ይጠጋል።

የዓለም ጤና ድርጅትም ይህንኑ ልዩነት ቆጥሮ ነው ለሕፃናት ኦክስጅን የሚጀመርበትን የሙሌት ወሰን በአጠቃላይ ከ90 በመቶ በታች ሲያደርግ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ለሚኖሩት ወደ 87 በመቶ ዝቅ ያደረገው። ሆሳዕና ከዚህ መስመር በታች ናት፤ ሐምበሪቾ በላይ። በአጎራባች ዞኖች መካከል እንኳ የአንድ ቁጥር ትርጉም ይለያያል።

የመማሪያ መጽሐፉ ምሳሌ ግን አብዛኛውን ጊዜ 760 ብሎ ይጀምራል። ሆሳዕና ላይ የኦክስጅኑን ከፊል ግፊት 120 ብሎ ለክቶ በመጽሐፉ 760 ያካፈለ ሰው 0.158 ያገኛል፤ ከዚያ ተነሥቶ የደጋ አየር ኦክስጅኑ 16 በመቶ ነው ብሎ ይደመድማል። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ አካፋዩ የሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ በሀድያም ሆነ በከምባታ ይህን ሕግ የሚያስተምር መምህር ከቀመሩ በፊት ሰሌዳው ላይ ቢጽፈው የሚሻለው ባሮሜትሩ እዚያው፣ በዚያው ጠዋት ያሳየውን ቁጥር ነው።